ሰናመኪ እና ሁለቱ እግሮቼ

ይህን ስጽፍ ሁለቱ እግሮቼ ከጠረጴዛው ስር ናቸው። ሲያሻኝ አንዱን በሌላው ላይ አነባብራለሁ፤ ሲሰለቸኝ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው፤ ጉራውም ይገባኛል። በሳውዲ ደቡብ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ባለ አንድ የፍየል እርሻ፣ በእነዚህ እግሮች ተስፋ ያልቆረጠ ሰው አልነበረም። ከፊላችን፣ ማለትም አሠሪያችን፣ "ከስላን ነው" አለ፤ ሰነፍ ማለቱ ነው። ክሊኒክ ስወሰድ የወባ መድኃኒት ተሰጠኝ። አብረውኝ የሚኖሩት አንዴ ዓይን፣ አንዴ ጂን ነው አሉ። ሁሉም ተሳስተዋል። እግሮቼን የወሰደብኝ በየጠዋቱ "ለጤናህ" እየተባለ ከዘመድ እጅ የምቀበለው የሰናመኪ ስኒ ነው።

አጎቴ ይህን መጻፌን ሲሰሙ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። እኔም ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ዝም ብያለሁ። በዚያ ኮረብታ ላይ ዛሬም ማንቆርቆሪያ ጥዶ ሆዱን "የሚያጥብ" ወንድም አለ፤ እሱ እስኪሰማኝ ድረስ አሁን ዝም አልልም።

እርሻው ያለበት አል-ዓሪዳ ተራራና ሸለቆ የበዛበት፣ መንገዱ መኪና የሚያንገጫግጭ አገር ነው። እርሻው ላይ ሦስት ነበርን፤ እኔ ሰይድ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ እንድሪስና ገብሬ የሚባል የራያ ልጅ። ሦስታችንም በየመን በኩል በእግራችን ተራራ አቋርጠን የገባን፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ሰዎች ነን። ማሽላ እንኮተኩታለን፣ ፍየል እንጠብቃለን፣ አጥር እንጠግናለን። ከተራራው ማዶ መድፍ ይሰማል። መጀመሪያ ፍየሎቹ ይበረግጉ ነበር፤ በኋላ እነሱም ለመዱት፣ እኛም ለመድነው። ጦርነቱ እኛን የጎዳን በድምፁ ሳይሆን በፍተሻው ነበር። በየመታጠፊያው ኬላ ስላለ ከእርሻው መውጣት ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። የታመመ ሰው እዚያው ይታመማል፣ እዚያው ይድናል፣ ወይም እዚያው ይቀበራል።

በመጣን ሰሞን አጎቴ ከሸለቆው አሸዋ ላይ አንድ ተክል ነቅለው ወደ እኔ መጡ። ደስታቸው ልጅ የተወለደላቸው ያስመስል ነበር።

"አወቅኸው?" አሉኝ።

ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሰካ፣ አበባው ቢጫ፣ ፍሬው የተጨፈለቀ የአተር እሸት የሚመስል ነው። ከባቄላና ከአተር ወገን መሆኑን ያየ ሁሉ ይጠረጥራል። "የባቲ መንገድ ዳር ያለው አይደለም?" አልኳቸው።

"እሱው ነው! ሰናመኪ! ከእኛ ቀድሞ መጥቶ እዚህ ይጠብቀናል።"

እውነትም የትም ይበቅላል። በጋ አድርቆት የሞተ ሲመስል ዝናብ አንዴ ከነካው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ፍየል ሁሉን በልታ እሱን ትታው ታልፋለች። አጎቴ አገር ቤት የሰው ሆድ በማጠብ የታወቁ ሰው ነበሩ። ቅጠሉን በጥላ ያደርቁታል፤ ለድርቀት አፍልተው ያጠጡበታል፣ ለእከክና ለቁስል ወቅጠው ይለጥፉታል፣ ሆዷ ለተነፋ ፍየል ሳይቀር ይሰጡታል። መድኃኒትነቱን ማንም አልካደውም፤ እኔም ዛሬ አልክደውም።

እዚያ እርሻ ላይ ምግባችን ሩዝ፣ ደረቅ ዳቦና ብስኩት ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ያልበናል፤ ውኃው ሩቅ ስለሆነ በልክ ነው የምንጠጣው። ሆዴ ድርቅ ብሎ አላላውስ ባለኝ ጊዜ አጎቴ አንድ ስኒ ሰጡኝ። ጠዋት ጠጥቼ እኩለ ቀን ሳይሆን ሰውነቴ ላባ ሆነ። ገብሬ ወደ ቁጥቋጦው ስመላለስ እያየ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ፍየሉን ልትጠብቅ ነው ወይስ ጫካውን?" እያለ ሳቀብኝ። አጎቴ ግን ሳቅ አልወደዱም። አገር ቤት ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይታዘዝም፤ "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ የሚቆጣው የለም። እሳቸውም ዓርብን የመታጠቢያ ቀን አደረጉት። ከፊሉ እንኳ ዓርብ ጠዋት አይጠራንም ነበር።

ዓርቡ በዚያው ቢቀር ይህን ባልጻፍኩ። ግን ሆድ ይለምዳል። ቅዳሜና እሑድ ሆዴ ስኒውን እየጠበቀ ያለሱ አልንቀሳቀስ አለ። አጎቴም ሲያዩኝ፣ "ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ገና አልወጣም" ብለው በሳምንት አንዴ የነበረውን በየቀኑ አደረጉት። ከንጋት ሶላት በኋላ ስኒው ከእጃቸው ወደ እጄ ይመጣል፤ "ቢስሚላህ በል" ይሉኛል፤ እጠጣለሁ። ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" አላልኩም። እንደ አባት የሆነ ሰው በፍቅር የሚሰጠውን ማን ይጠይቃል?

መጀመሪያ የመጣው የእጅ ቁርጥማት ነው። ፍየል ሳልብ ጣቶቼ ተጨማደው አልዘረጋ ይሉኛል። ቀጥሎ ባቴ ላይ ጡንቻዬ እንደ ድንጋይ እየተቋጠረ ያስጮኸኝ ጀመር። ልቤም ዝም ብዬ በተቀመጥኩበት ትደልቃለች፤ አንዳንዴ አንድ ምት የዘለለች ይመስለኛል። ከዚያ ድካም መጣ። የለመድኩትን የውኃ ጀሪካን ማንሳት አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላኝ ሰው ዳገቱን ስወጣ ተቀምጬ አርፋለሁ። ከፊሉ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ "ያ ሰይድ፣ ኢንተ ከስላን!" እያለ ይጮኽብኛል። ብቀየምም እኔ ራሴ ሰንፌ ይሆን እንዴ እያልኩ እጠራጠር ነበር።

አንድ ቀን የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ ስንሰግድ ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ። አጎቴ ተነሱ። እኔ መነሳት አቃተኝ። በእጄ ገፋሁ፤ እጄ ከዳኝ። ጉልበቴን ጠራሁት፤ ጉልበቴ አልሰማኝም። አቧራው አፌ ውስጥ እየገባ እዚያው ቀረሁ። ኀፍረቱ ከፍርሃቱ ይብስ ነበር። አጎቴ ሰግደው ሲጨርሱ ደግፈው አቀኑኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ደሙ ቆሽሾ ወደ እግሩ ወርዷል" አሉ። "ማጠቡን አላበረታነውም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኒው ሁለት ሆነ፤ አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ። እኔ በባሰብኝ ቁጥር እሳቸው ይጨምሩልኛል፤ እሳቸው በጨመሩ ቁጥር እኔ ይብስብኛል። ከመካከላችን አንድም ሰው ነገሩን ገልብጦ አላየውም።

ከፊሉ ሥራው ሲቆምበት ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። መኪናው ላይ ፍየሎቹ መሃል አስተኝቶ ሸራ አለበሰኝና ኬላውን አለፍን። የክሊኒኩ ሰው ደሜን አየና "ወባ የለም" አለ፤ ቢሆንም የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። የምንኖርበት የጂዛን ቆላ ወባ ስላለበት ይመስለኛል ሌላ ነገር አላሰበም። ቀጥሎ "ድካም ነው" ብሎ ግሉኮስ ሰቀለልኝ። የስኳር ውኃው ሲገባ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ወደ እርሻው ሳንደርስ አንገቴ ራሴን መሸከም አቃተው። በኋላ ያከመችኝ ሐኪም እንደነገረችኝ፣ እንዳለሁበት ላለ ሰው ስኳሩ ለጡንቻ የቀረችውን ጥቂት ጨው ከደም አስወጥቶ ይበልጥ ያደክማል። ያን ጊዜ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመዳን የሄድኩበት ቦታ ሬሳ አድርጎ መልሶኛል።

ያን ሌሊት ፈራሁ፤ አልዋሽም። መድፉ ማዶ ይጮኻል፣ የእኔ ልብ እዚህ ትዘላለች። ሁለቱን አንድ ላይ እያዳመጥኩ አነጋሁ።

ጠዋት አጎቴና ገብሬ ከደጅ ሆነው ሲመካከሩ ሰማኋቸው። ከጎረቤት እርሻ የመጡ ሁለት የከሚሴ ልጆችም ነበሩ። እዚያ አገር የታወቀ ዘዴ አለ። መነሳት ያቃተውን ሰው ወስደው አስፋልት ዳር ያስቀምጡታል፤ የሹርጣ፣ የፖሊስ፣ መኪና ሲያልፍ ያነሳዋል። እድል ካለው ሐኪም ቤት፣ ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ አገሩ ይገባል። እድል ከሌለው ፀሐዩ ይቀድመዋል።

"ለሱም ይሻለዋል" አለ አንደኛው ልጅ።

"ሰምቻለሁ!" ብዬ ከውስጥ ጮኽኩ፤ ድምፄ እንኳ ቀጥኖ ነበር። "በእግሬ ነው የገባሁት! እንደ ጆንያ መንገድ ዳር የሚያስቀምጠኝ ካለ አሁን ይምጣ፣ እነክሰዋለሁ! ያለኝ ጥርስ ብቻ ነው፣ ጥርሴ ደግሞ ደህና ነው!"

ገብሬ ገባና አየኝ። "በል ንከሰኝ" አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለ። አዘለኝ። ከፊሉ ዘንድ ሄዶም፣ "ሬሳ እርሻህ ላይ ከሚገኝ ሙስተሽፋ በር ላይ ጣለን፤ ያላ!" አለው። ከፊሉ መንግሥት ሐኪም ቤት በር ላይ አወረደንና ኋላውን ሳያይ ነዳ። ቢያንስ ነድቷል፤ ይህን አልነፍገውም።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣ "ኢቃማ?" አለ።

"ማፊ" አልኩ፤ የለም።

"ከፊልህስ?"

"ሄደ።"

ውጭ ጠብቁ አለን። እኔም ለገብሬ፣ "አውርደኝ" አልኩት። ደፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ርዝመቴን ተዘረርኩ። "ከዚህ አልሄድም" አልኩ ባለኝ አረብኛ። "ብሞትም እዚሁ ነው፤ የምታነሱኝ እናንተ ናችሁ።" ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የተኛሁት። ዘበኛው ግራ ገብቶት ሰው ጠራ፤ ተሽከርካሪ ወንበር መጣ።

መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ አየኝ፣ መልሶ ስልኩን አየ። አጠገቤ የነበረች አንዲት የአገሩ አሮጊት ግን ከከረጢቷ ሙዝ አውጥታ ላጠችና በእጇ አጎረሰችኝ። "ኩል ያ ወለዲ" አለችኝ፤ ብላ ልጄ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ሙዙ ውስጥ ያ የጎደለኝ ጨው እንዳለ ያኔ እሷም እኔም አናውቅም።

የተቀበለችኝ ሐኪም ሱዳናዊት ናት። ደረቴ ላይ ሽቦ አጣብቃ የልቤን አመታት ወረቀት ላይ ካወጣች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። ደም ወሰዱ። "ፖታሲየም የሚባል ጨው አለ፤ ጡንቻና ልብ የሚሠሩት በሱ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "አንተ ውስጥ አልቋል። የት እንደሄደ ንገረኝ። ተቅማጥ አለብህ?"

"የለብኝም።"

"ያስመልስሃል?"

"አያስመልሰኝም።"

"የምትወስደው ደዋስ? መድኃኒት?"

"ምንም።"

በቅን ልብ ነው የመለስኩት። ተቅማጥ በሽታ ነው፤ እኔ የምመላለሰው ታጥቤ ነው። መድኃኒት በፋርማሲ ካርቶን የሚመጣ ነው፤ የእኔ ከአጎቴ ማንቆርቆሪያ ነው። የእኛን አገር ሰው አሥር ጊዜ ብትጠይቁት አሥር ጊዜ እንደ እኔ ይመልሳል። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የምትጠጡትን ሁሉ በስሙ ጥሩት፤ ቅጠል ነው፣ ሥር ነው፣ ቡና ነው አትበሉ፣ ሁሉንም ተናገሩ።

ጨዉን በደም ሥር ቀስ እያደረጉ ሰጡኝ። እጄን ያቃጥል ነበር፤ ቃጠሎውን ወደድኩት። በማግስቱ አውራ ጣቴን አንቀሳቀስኩ። ቀጥሎ ጉልበቴን አጠፍኩ። ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ እግሬን ሳወዛውዝ ነርሱ "ልጅ ሆንክ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ ልጅ ሆኛለሁ።

ከፊሉ ፍየል ወደ ገበያ ሲያወርድ አጎቴ ሸራው ስር ተደብቀው ሊጠይቁኝ መጡ። ሰው ሁሉ ኬላ ፈርቶ ሲቀር እሳቸው መጡ፤ ይህን አትርሱልኝ። ቴርሞስ ይዘዋል። "የሐኪሙ ይቀጥል፣ ይኸኛውም ይታከልበት" ብለው ቀዱልኝ። ጠጣሁ። ቴርሞሱንም ትተውልኝ ሄዱ፤ በማግስቱም ከሱ ጠጣሁ። የመጸዳጃ ቤቱን በር ስጠብቅ ዋልኩ። ጣቶቼ እንደገና ተጨማደዱ፣ እግሬ እንደገና እንጨት ሆነ።

ሐኪሟ ደሜን ሁለት ጊዜ አስመረመረች። "እኛ እንሞላለን፣ ሌላ ሰው ያፈስሳል" አለች ተናዳ። ዓይኗ ቴርሞሱ ላይ አረፈ። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ራሷን ነቀነቀች።

"ሰና! ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓመት ሊሆነው ነው።"

"በየቀኑ?"

"ሰሞኑን በቀን ሁለቴ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ነርሱ ሳቀና ለጓደኛው፣ "እነዚህ ሐበሾች ሳር ይበላሉ" አለ። ተኝቼም ቢሆን አልዋጥኩትም። "ሳሩ የበቀለው በእናንተ ተራራ ላይ ነው" አልኩት። "በእናንተም ሱቅ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። አትስደበኝ፣ አክመኝ!" ሐኪሟ ነርሱን በዓይኗ አስወጣችውና ከፋርማሲ አንዲት ትንሽ የክኒን ካርቶን አስመጥታ አሳየችኝ። ላዩ ላይ ያ ቅጠል፣ ያ ጥንድ ጥንድ ቅጠል፣ ተስሏል።

"እኛም ለድርቀት እንሰጠዋለን" አለችኝ። "እናቴም ቤቷ አታጣውም። ግን ልክ አለው። ጥቂት ቀን ይጠጣል፣ ይተዋል። ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ከቆሻሻው ጋር ጨውህን ሁሉ ይዞት ይወጣል። አንጀትህም ሥራውን ረስቷል። ስታቆም እግርህ ያብጣል፣ ሆድህ ይነፋል፤ ትፈራለህ። ያልፋል። ያን ጊዜ ብትመለስበት ግን ልብህ አይችልም። ገባህ?"

ገባኝ። አጎቴ ቴርሞሳቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የእሷን ቃል ብቻ ነው የነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እንግዲህ ገዳይህ እኔ ነኝ በላ።"

"እንዲህ አላልኩም፣ አጎቴ።"

"በአፍህ አላልክም" አሉና ቴርሞሱን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ወጡ።

ሹርጣ ሳይመጣብኝ በከፊሉ መኪና ሸራው ስር ተደብቄ ወደ እርሻው ስመለስ ሐኪሟ ያለችው ሁሉ ደረሰ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለው፤ ሆዴ ከበሮ ሆነ። ገብሬ ብቻ ነበር የሚያበረታኝ፤ ውኃ እያመላለሰ፣ ቴምር እያቀረበ፣ "ዝሆን ሆነህ ከምትሄድ ሰው ሆነህ ብትሄድ ይሻላል፤ ጠጣ" ይለኛል። የከሚሴ ልጆች እግሬን ጫን አድርገው ጣታቸው ጉድጓድ ሲሠራ አይተው ተሸበሩ። አጎቴ ስኒውን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

"አየኸው? ቆሻሻው ተመልሶ ሞላብህ። ያቺ ሴት ስለ እኛ ሆድ ምን ታውቃለች? ጠጣ።"

"አልጠጣም።"

"የናትህ ወንድም ነኝ። ከእጄ አትቀበልም?"

በወሎ ሰው መካከል ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ከዘመድ እጅ የመጣ ስኒ መመለስ ዘመዱን መመለስ ነው። ሁሉም ፊቴን ያያል። እጄ ሊዘረጋ ፈልጎ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። እጄን ከጉያዬ ስር ቀበርኩት።

"ዳቦ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ። ቢመቱኝም ዱላዎትን እቀበላለሁ። ይህን ግን አልቀበልም።"

ስኒውን እዚያው ፊቴ አሸዋው ላይ ደፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማናገር ተዉ። አንድ ክፍል እየተኛን፣ አንድ ሳህን እየበላን፣ "ለሰይድ ውኃ ስጠው" ብለው በገብሬ በኩል ያዙልኛል። አመመኝ፤ ከእግሬ በላይ አመመኝ። ግን አልተመለስኩም።

እብጠቱ ጎደለ። ሆዴ እያጉረመረመ፣ እየተነጫነጨ ሥራውን ማስታወስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ፍየል ልፈልግ ዳገቱን ወጥቼ ጫፉ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው አለማረፌ ትዝ ያለኝ። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ጮኽኩ። ገብሬ፣ "ምን ሆንክ?" አለ። "ምንም! ቆሜያለሁ!" አልኩት። ደጋግሜ ጮኽኩት፤ ከተራራው ማዶ ላለውም መድፍ ጭምር።

አጎቴ ግን እልህ ያዛቸው። በፊት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር የሚጠጡት፤ አሁን እኔን ሊያሳፍሩ ፊቴ ቁጭ ብለው በየቀኑ ይጠጡ ጀመር። "እኔ የጠጣሁት መች ገደለኝ?" ይላሉ ለገብሬ፣ እኔ እንድሰማ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ፍየል ሲያልቡ ጣቶቻቸው ተጨማደው ጡቷን አልለቅ አሉ። አየሁ። "አጎቴ፣ የኔም እንዲህ ነው የጀመረው" አልኳቸው። "ዝም በል!" አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በቀጥታ ያናገሩኝ በዚህ ቃል ነው።

ከዚያ አንድ ቀን በዙህር፣ በቀትሩ ሶላት፣ ከግራሩ ጥላ ስር፣ እንደ ወትሮው እሳቸው አሰገዱን። እኔና የከሚሴ ልጆች ከኋላ ተሰልፈናል። ገብሬ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ተራውን ፍየሎቹን ያያል። ሱጁድ ወረድን። ግንባራችን መሬት ላይ ነው፤ "አላሁ አክበር" ብለው እስኪነሱ እንጠብቃለን። አይነሱም። ልጆቹ ኢማማቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔም ጠበቅኩ። ገብሬ ከሩቅ፣ "ዛሬስ ሶላታችሁ ረዘመ" አለ።

ያ አቧራ አፌ ውስጥ ተሰማኝ። አወቅኩት። ሶላቴን አቋርጬ ብድግ አልኩ፤ በእጄ ሳልደገፍ፣ በእነዚህ በሁለት እግሮቼ። ሄጄ ከብብታቸው ስር ገብቼ አነሳኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እንባቸው ከአቧራው ጋር ተለውሷል።

"ማነው ሶላት ያቋረጠ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ።"

በዚህ ጊዜ ማንም ስለ አስፋልት ዳር አላወራም። ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩና አዘልኳቸው። ከፊሉ ከፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ሳይጨቃጨቅ ነዳ። እዚያው በር ደረስን። ያው ዘበኛ ነበር። "ኢቃማ?" ሊል አፉን ከፍቶ እኔን ሲያይ አስታወሰኝ መሰለኝ፤ እንደገና ደፉ ላይ ሳልተኛበት ወንበሩን ራሱ ገፍቶ አመጣው።

ያቺ ሐኪም የለችም፤ ሌላ ናቸው፣ ጎልማሳ ሰው። ሽቦውን የአጎቴ ደረት ላይ አጣበቁ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ። አጎቴ አረብኛ ስለማይሆንላቸው ጥያቄው ወደ እኔ መጣ።

"ተቅማጥ አለበት? የሚወስደው መድኃኒት አለ?"

መልሱን ራሴ መናገር እችል ነበር። ግን ይህን መልስ አጎቴ ራሳቸው በአፋቸው ካልተናገሩት፣ ከዚህ ስንወጣ ተመልሰው ያንኑ ማንቆርቆሪያ እንደሚጥዱ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ ጥያቄውን ደገምኩላቸው። ጣሪያውን አዩ። መሣሪያው የልባቸውን ምት እየቆጠረ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ አንዳንዴ አንዱን ይዘላል።

"ሰናመኪ በለው" አሉ በመጨረሻ። "በየቀኑ ይጠጣል በለው። ራሱ ያፈላል በለው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ለዚህ ልጅም ያፈላሁለት እኔ ነኝ በለው።"

የመጀመሪያውን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ ሐኪሙም ወዲያው ጨዉን አዘዙ። ሁለተኛውን አልተረጎምኩትም። ለሕክምናው አያስፈልግም ነበር፣ እኔም በእግሬ ቆሜ ነበር።